የእድሩ ዝርዝር በሊኑክስ ላይ

ኮሌጅ በገባሁ በጥቂት ወራት ሊኑክስ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳውን ሥርዓት ተማርኩና ያየሁትን አሮጌ ላፕቶፕ ሁሉ መለወጥ አማረኝ። መጀመሪያ እጄ የገባው የእድራችን ጸሐፊ ላፕቶፕ ነበር። ጸሐፊው ዳውንታውን ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ግሌንዴል በሚባለው የአሜሪካ ከተማ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ላፕቶፑ እስኪነሳ ቁርሳቸውን በልተው እንደሚጨርሱ ሲነግሩኝ፣ "ለእኔ ይተዉልኝ ጋሼ" አልኳቸው።

ሰነዶቻቸውን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ፤ አንድም እንዳይቀር ሁለት ጊዜ አየሁ። ከዚያ ዊንዶውሱን አጥፍቼ ሊኑክስ ጫንኩ። ሐሙስ ከሰዓት ስመልስላቸው በፍጥነቱ ተደሰቱና የእድሩን ዝርዝር ከፈቱ። ሐዘን ሲደርስ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ማን ምግብ እንደሚያዘጋጅ፣ ማን ከኤርፖርት እንግዳ እንደሚቀበል የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። የወጣው ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ቅልቅል ነበር።

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ "ይሄ እኛ ነን?" አሉ።

"እናንተው ናችሁ ጋሼ። ፊደሉ ነው የጠፋው።"

"እንግዲህ ሰው ሲሞትብን በዚህ ልንጠራራ ነው።"

ዝርዝሩን የጻፉት ከአዲስ አበባ በሲዲ ይዘውት በመጡት የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ጽሑፉ በእሱ ካልተከፈተ አይነበብም፤ እሱ ደግሞ የዊንዶውስ ነው። እኔ በስልኬ አማርኛ እንደልቤ ስጽፍ ስላደግኩ ፊደሉ በሄድንበት ሁሉ አብሮን የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው አድራሻ የቀየረውን ሁሉ እየጠየቁ ለወራት ያረሙት ዝርዝር እሑድ በስብሰባው ላይ ለየቤቱ መታደል ነበረበት።

"ለእሑድ ይደርሳል?" አሉኝ።

"ይደርሳል" አልኩ፤ እንዴት እንደሚደርስ ግን አላውቅም ነበር።

ሌላ ኮምፒውተር መለመን ይቻል ነበር። ግን ያበላሸሁትን በዚያው ላይ ማስተካከል ፈለግኩ። ሲዲውን ከጋሼ ተቀብዬ፣ ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ማንበቢያ ተዋስኩና ዋይን የሚባለውን፣ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳውን ፕሮግራም ጫንኩ። የአማርኛው ፕሮግራም ተከፈተ፤ በፊደሉ ቦታ ግን ባዶ ሳጥኖች ተደረደሩ። ሲዲውን ስበረብር የፊደሉን ቅርጽ የያዘውን ፋይል፣ ፎንቱን፣ ለብቻው አገኘሁት፤ ዋይን ፎንት ወደሚፈልግበት ፎልደር ገልብጬ እንደገና ከፈትኩ። አንደኛው መስመር ላይ የእናቴ ስም ተጽፎ አየሁ።

የጋሼ ፕሪንተር ቀረኝ። አብሮት የመጣውን የዊንዶውስ ድራይቨር፣ ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ በዋይን ጫንኩት። "ተጭኗል" ይለኛል፤ ፕሪንተሩ ግን ዝም። ዓርብን ግማሽ ቀን ከፈጀሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ ዋይን ፕሮግራሙን ያስነሳል እንጂ ከፕሪንተሩ ጋር የሚነጋገረው ሊኑክስ ራሱ ነው፤ ድራይቨሩም የሊኑክስ መሆን አለበት። በትክክል የዚያ ሞዴል የሆነ አጣሁ። ተቀራራቢ የሆነውን ሞከርኩ። የመጀመሪያው ወረቀት በግማሽ ወጣ፤ የወረቀቱን መጠን ሳስተካክል ሁለተኛው ሙሉ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ጣታቸውን እያስኬዱ ስም በስም አነበቡ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቆሙ።

"እዚህ ጋ ስህተት አለ።"

ወደ ገጹ ጎንበስ አልኩ። "ምኑ ነው ጋሼ?"

"አንቺ የለሽም።"

"እኔ እኮ ተማሪ ነኝ። የእናቴ ስም አለ።"

"እናትሽ ምግብ ላይ ናት። ኮምፒውተር አበላሽታ የምታስተካክል ግን አልነበረችንም።"

ወንበሩን ሳቡና ኪቦርዱን ሳያዩ ስሜን ጻፉ፤ በሥራው ዓምድ ሥር "ኮምፒውተር" ብለው ሞሉ። ከዚያ ተነስተው ቦታውን ለቀቁልኝና፣ "በይ አትሚው" አሉኝ።

እሑድ ዝርዝሩን ለየቤቱ ያደልኩት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻውን ገጽ ከላይ አድርጌ።