መምሬ ደሴ የዘገኑበት የመርከብ ሳህን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሀብታሙ ከገንዳ ውሃ መጥቶ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበበት የሽርሽር መርከብ ባሕር ላይ ይንሳፈፋል። «እትዬ፣ የድሮ መርከብ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች እንዳሉ ያውቃሉ? ሳህኑን፣ ማንኪያውን፣ የክፍል ቁልፉን ሳይቀር!» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔ እዚሁ መተማ ዮሐንስ ሆኜ፣ ባሕር የሚባል በዓይኔ ሳላይ፣ ይህን ሥራ የጀመርኩት እሱ ሳይወለድ ነው። ሳጥኔን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ከፈትኩለት።

ሃያ ዓመቴ ነበር። በገበያ ቀን ድልድዩን ተሻግሬ ገላባት ሽንኩርትና በርበሬ እሸጣለሁ። ከጎኔ ቴምርና ለሻይ የሚፈላ ከርከዴ የምትሸጥ ሐጃ ዘይነብ የምትባል ሱዳናዊት ነበረች። ባሏ ከፖርት ሱዳን በሚነሡ የመንገደኞች መርከቦች ላይ በወጥ ቤት ሲሠራ ኖሮ፣ ያረጀውንና የተጣለውን ዕቃ ሁሉ ጭኖ ነው አገሩ የገባው። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው እጀታው ላይ መልሕቅ የተቀረጸበት ማንኪያ ነው። የቀረኝን በርበሬ ሰጥቼ ወሰድኩት። እናቴ፣ «በርበሬ ይዘሽ ሄደሽ ማንኪያ? ጉድ በል ጎንደር!» አለች።

እኩዮቼ ለጆሮ ጉትቻ ሲያጠራቅሙ እኔ ለመርከብ አጠራቀምኩ። ቁጥር ያለበት የናስ ቁልፍ፣ የነጭ መርከብ ሥዕል ያለበት ፖስት ካርድ፣ የምግብ ዝርዝር የታተመበት ወረቀት፣ በመጨረሻም ጠርዛቸው ሰማያዊ፣ መካከላቸው ላይ መልሕቅ የተሣለባቸው ስድስት ሳህኖች ገዛሁ፤ የአንዱ ጠርዝ ብቻ ተሸርፎ ነበር። ሐጃ ዘይነብ፣ «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ባሕሩን ሳታዪ መርከቡን ጨረስሽው!» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አንድ ቀን እንግሊዝኛ ማወቄን ላሳይ ብዬ የምግብ ዝርዝሩን ለእናቴ ተረጎምኩላት። ከዓሣው ጀመርኩ፤ የአሳማ ጥብስ ላይ ስደርስ እናቴ ትፍ ብላ ተነሣች። ምን አለበት እዚያው ዓሣው ላይ ባቆም ኖሮ! አፌ ነው ያመጣብኝ።

ጥቅምት ላይ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ቆሞ ሲደርቅ፣ የእናቴ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰ። ላስደስታት ብዬ ሳልነግራት በስድስቱም ሳህኖች የሽምብራ ቆሎ ሞልቼ ደረደርኩ። ቤቱ አማረ፤ እንግዶቹም ሳህኑን እያዩ ተደነቁ። የንስሐ አባታችን መምሬ ደሴ ዳቦውን ባርከው እንደ ጨረሱ እናቴ ጠላ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ሳህኖቹን ስታይ ባለችበት ቆመች።

«ማንጠግቦሽ! ይኸ አሳማ የተበላበት አይደለም እንዴ?»

ቆሎ የዘገነ ሁሉ መዳፉ ላይ እንደያዘ ቀረ።

«መምሬ፣ ሕጉን እርስዎ ያውቁታል» አለች እናቴ። «የረከሰ ብረት ይታጠባል፤ የረከሰ ሸክላ ይሰበራል።»

ክው አልኩ። መምሬ ደሴ አንዱን ሳህን አንሥተው በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «ልጄ፣ ይኸ ሸክላ ነው ጠርሙስ?» አሉኝ።

ጠርሙስ ነው ብል ታጥቦ ይተርፍልኛል። ሐጃ ዘይነብ ግን ከነጭ አፈር ተጠብሶ እንደሚሠራ ነግራኛለች። በማርያም ዝክር፣ በንስሐ አባቴ ፊት እንዴት ብዬ ልዋሽ? «ከአፈር ነው፣ አባቴ» አልኩና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

መምሬ ሳህኑን አላስቀመጡም። «መርከቡ የየት ባሕር ነው?»

«የቀይ ባሕር፤ በፖርት ሱዳን በኩል ያለው።»

«ኤርትራ ባሕር? ሙሴ በበትሩ የከፈለው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

ፊታቸው በራ። ዕድሜ ልካቸውን ያን ባሕር በመጽሐፍ ሲያነቡ ኖረዋል፤ በላዩ የሄደ ዕቃ ሲይዙ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። ጠበል አስመጡ፤ ጸሎት አድርሰው ሳህኖቹን ረጯቸው። ወደ እናቴም ዞረው፣ «ሕጉ እንዳይቀር የተሸረፈው አንዱ ይሰበር። ሌላው ተባርኳል፤ የልጅቱ እውነት መናገርም ይቆጠርላት» አሉ። እናቴ የተሸረፈውን ይዛ ወጣች፤ ከጓሮ ሲከሰከስ ሰማን። መምሬ በእጃቸው ከያዙት ሳህን ጭብጥ ሙሉ ዘግነው፣ «በሉ ዝገኑ! ሙሴ ባሕሩን ከፈለ፤ እኛ ቆሎውን እንካፈል!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፖስት ካርዱን አምጪ ብለውኝ፣ መንገደኞቹ የት ይተኛሉ፣ ማዕበል ሲመጣ ምን ይሆናሉ እያሉ ሲጠይቁኝ ዋሉ። እውነቱን ልናገርና፣ በሰርጌ ቀን እንኳ ያን ያህል አልተደሰትኩም።

ከዚያ ወዲህ መምሬ ለማኅበር ሲመጡ፣ «ሳህኔ የታለች?» ሳይሉ አይቀመጡም ነበር። ሲያርፉ፣ በተዝካራቸው ቀን እናቴ ሳትጠይቀኝ ሳጥኔን ከፈተች። ያችን ሳህን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ቆሎ ሞልታ፣ ደረቷ ላይ አስደግፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛት ሄደች። ልትሰብራት የነበረችው እናቴ፣ እንዳትወድቅባት መንገዱን ሁሉ ቀስ እያለች ትራመድ ነበር።

ሀብታሙ ዕቃውን አንድ በአንድ ፎቶ አነሣው። «ከፈለግህ ማንኪያውንም ቁልፉንም ለእነዚያ ለሚሰበስቡት ሽጠው» አልኩት። ወደ ሳህኗ እጁን ሲሰድ ግን ያዝኩት። «እሷ የሰው ናት።»

«የማን?»

«የመምሬ ደሴ።»

እስከ ዛሬ ባሕር አላየሁም፤ ብዙም አይቆጨኝም። መምሬ በዚያች ሳህን ያዩትን ያህል እኔም ያየሁ ይመስለኛል። ከጓዳ ቆሎ አምጥቼ መልሕቁ እስኪሸፈን ሞላሁባትና ለሀብታሙ አቀረብኩለት።

«ዝገን» አልኩት።