ማን ጠራው?

ማንም ሳያስተምረኝ ሞተር ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ፊደሉንም ቢሆን ከዘይት ቆርቆሮ ላይ ነው የለቀምኩት። በንጉሡ ዘመን ከሰበታ እስከ ቡራዩ እኔ ሳልነካው የዳነ ወፍጮ የለም፤ ያየ ይመስክር። ዕድል የሚሉት ነገር ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሰበታ ላይ አንድ ወፍጮ ሞተሩ እምቢ ብሎ ተጠራሁ። ደጃፉን ስረግጥ ዝናብ ጣለ። ሞተሩን አጥቤ፣ ገጥሜ አስነሳሁት። ባለወፍጮው ሽማግሌ ግን እጄን ትተው እግሬን አዩ።

«እግረ እርጥብ ነህ! ከነገ ጀምሮ ሞተረኛዬ አንተ ነህ። ጠዋት ከአንተ በፊት ማንም አይገባም።»

«የፈታሁትስ? ያጠብኩትስ?»

«እጅህ በምን መጣ? በእግርህ አይደል?» አሉና ሳቁ።

ነገሩ ከነከነኝ። በእጄ እንጂ በእግሬ መቀጠር አልፈለግኩም።

ከወፍጮው ማዶ የሚኖሩ አንዲት ሁለት ባል የቀበሩ ሴት ነበሩ። እግረ ደረቅ ናቸው ስለሚባል እህላቸውን ይዘው ውጭ ይቆማሉ፤ ከሩቅ፣ ከተጂ በአህያ የመጣው እንኳ አስፈጭቶ ሲሄድ ነው የሚገቡት። ዱቄቱ እስኪደርስ ልጆቻቸው ጦማቸውን ይውላሉ።

«እትዬ፣ ነገ ከሁሉ ቀድመው የሚገቡት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«ተው አንተ ልጅ፣ እንጀራህን አታጥፋ።»

«እንጀራዬ እጄ ላይ ነው። እርስዎ ብቻ ይምጡ።»

ማታውን ናፍጣውን በነጭ ጨርቅ አጠለልኩት። እንደኔ የሚጠነቀቅ ሞተረኛ አልነበረም። ጠዋት ሴትዮዋ በስመ አብ ብለው ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው ገቡ። ማኑቬላውን ይዤ ሞተሩን አዞርኩት። አንዴ ሳል አለና ዝም። ደግሜ ባዞረው ዝም።

«አላልንም?» አለ ከተሰለፈው አንዱ።

«ምነው እትዬ፣ ቢቀርብዎት?» አለች ሌላዋ።

ባለወፍጮው አልተቆጡም፤ የሴትዮዋን እግር ብቻ አዩ። ሴትዮዋም እህላቸውን ተሸክመው ወጡ።

ከሄዱ በኋላ ብፈታው ናፍጣው ውስጥ ውሃ ገብቷል። አፍስሼ ባዞረው ተነሳ። «ውሃ ነው! ውሃ!» ብዬ ጮህኩ።

«እሱማ ውሃ ነው» አሉ ባለወፍጮው፤ «ግን ማን ጠራው?»

የናፍጣውን በርሜል ማታ ከድኜዋለሁ። የከደንኩት ይመስለኛል። ክረምት ነው፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። የእኔ እግር ያመጣዋል የሚሉት ዝናብ ከሆነ የገባው፣ ጥፋቱ የእርጥቡ እግር ነው ወይስ የደረቁ? ይህን ስንት ሊቅ ነኝ ባይ ጠይቄ ሁሉም ራሱን አከከ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጠዋት በሩን ከፍቼ ብቻዬን ቆሜ ሳለሁ ሴትዮዋ እህላቸውን አዝለው ብቅ አሉ።

«አንተ የእግር ጌታ!» አሉኝ እየሳቁ፤ «ልግባ እንዴ?»

በእግር የማላምን ሰው ነኝ። ያን ሞተር ከነነፍሱ አውቀዋለሁ። ናፍጣውንም እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

«ትንሽ ይቆዩኝ እትዬ» አልኳቸው፤ «መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳ።»

ሳቃቸውን አቆሙ። እህላቸውን ደጃፉ ላይ አውርደው ቆሙ። እኔም ገብቼ ማኑቬላውን ያዝኩ፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ዙር ተነሳ።