በሦስት ሰው የተቆለፈው ድረ ገጽ

የደሳለን ሳምንት ያበላሸው ሰኞ ጧት ከጀርመን አገር የመጣ አንድ ደብዳቤ ነው። ለገና ሊመጡ የነበሩ ባልና ሚስት ናቸው የጻፉት። «የማኅበራችሁን ድረ ገጽ ስንከፍት የቁማር ቤት ይመጣብናል፤ ለመሆኑ አላችሁ ወይ?» ይላል፣ በጨዋ ቃል። ደሳለ ገጹን ከፈተ። ለአፍታ የገነተ ማርያም ተራራ ፎቶ ብቅ አለና፣ ወዲያው ቀይና ወርቃማ ቀለም የተለቀለቀ፣ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ የቁማር ገጽ ተተካ። ዘጋው፤ ደግሞ ከፈተው፤ ያው ነው። አልተናደደም። መናደድ ጉልበት ይጠይቃል፣ እሱ ደግሞ ጉልበት ከጨረሰ ሰንብቷል።

ነገሩ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው ገብቶታል። እንግዶች የጉዞ ፎቷቸውን የሚልኩበት ፎልደር ክፍት ነበር። አንድ ክፉ ሰው ፎቶ አስመስሎ ፕሮግራም አስገብቶበታል። ፕሮግራሙ ደግሞ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ማለትም የሰርቨሩ፣ ደንብ የሚጻፍበትን ፋይል፣ ያን ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ላላወቀበት የማይታየውን፣ ከፍቶ «የመጣውን ሁሉ ወደ ቁማሩ ላከው» የምትል መስመር ጨምሮበታል። መድኃኒቱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፦ መስመሯን ማጥፋት፣ በፎቶው ፎልደር ውስጥ ፕሮግራም የሚባል ነገር እንዳይሠራ መከልከል፣ የፎልደሮቹን ዝርዝር ለመንገደኛ ሁሉ ከማሳየት ማቆም፣ ከዚያ ፓስዎርዱን መለወጥ። ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ በሐምሌ ሊያደርገው አስቦ ነበር። በሐምሌ ግን እርሻ ነው፤ ቁልፎቹን የሚሰበስባቸው አልተገኘም። ቁልፎቹ ስል ፓስዎርዱን ተካፍለው የያዙትን ሦስት ሰዎች ነው።

ደሳለ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። የላሊበላ ልጅ ነው፣ አስጎብኚ ነበር፤ ጉልበቱን ሲያመው ከዳገት ወርዶ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ። አንድ በጎ ፈቃደኛ ፈረንጅ ሦስት ወር አስተማረውና ወደ አገሩ ሄደ። የቀረውን በሲዲኤምኤ ገመድ አልባ ኢንተርኔት፣ መብራት ሲመጣ እያነበበ፣ ሲጠፋ ያነበበውን እያሰበ ለብቻው ተማረ። ማኅበሩ የላስታና የዋድላ ገበሬዎች ናቸው። በእግሩ ለሚጓዝ እንግዳ ማደሪያ ጎጆ ሠርተው ያስተናግዳሉ። በገነተ ማርያም፣ በጋሸናና በኮን በኩል ሦስት ጣቢያ አላቸው፤ እንግዳው በድረ ገጹ ይመዘገብና ለጣቢያዎቹ በተራ ይመደባል።

ከአራት ዓመት በፊት ታዲያ በማኅበሩ ግምገማ ላይ አንዱ ተነሣና፣ ደሳለ ገጹን እየነካካ እንግዳውን ሁሉ ወደ ሚስቱ አገር ይነዳዋል አለ። ሚስቱ ይማርሽ የኮን ልጅ ናት፤ ማስረጃው ይኸው ብቻ ነው። በዚያ ክረምት የገነተ ማርያሙ መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ እንግዳው ወደ ኮን መዞሩን ቢያስረዳ፣ ሰዉ ራሱን ነቀነቀለት። ራስ መነቅነቅ ግን ማመን አይደለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባልበት አገር ነው። ያ ክስ ከተነሣ ወዲህ በገበያ ሲያልፍ የሰዉ ሰላምታ አጠረበት።

የመፍትሔውን መላ ያመጣው ያኔ ደሳለ ራሱ ነው። የደብሩ ዕቃ ቤት በሦስት ቁልፍ ይቆለፋል፤ ሦስቱ ባለ ቁልፎች ካልተሰበሰቡ መስቀልም መጽሐፍም አይወጣም። የሰርቨሩም ፓስዎርድ እንደዚያው ይሁን አለ። ከየጣቢያው አንድ አንድ ሰው ተመረጠ። እያንዳንዱ አምስት ፊደልና ቁጥር ለራሱ መርጦ በየተራ መታ፣ ተያይዞም አንድ ፓስዎርድ ሆነ። አንዱ የሌላውን አያውቅም፣ ደሳለ ደግሞ የማንንም አያውቅም። ጉባኤው አጨበጨበ፤ ደሳለም በዚያ ቀን እፎይ ብሎ ተኛ።

ከዚያ ወዲህ ሰርቨር ማስተካከል ማለት ቅዳሜ ማለት ሆነ። ሦስቱ ለላሊበላ ገበያ ሲመጡ ቢሮው ጎራ ይላሉ፤ በየተራ ይቀመጡና በአንድ ጣት ፊደል እየለቀሙ ይመታሉ። ደሳለ በዚያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ኮምፒውተሩ ጨዋ ሆኖ «ፓስዎርዱን ላስቀምጥልህ ወይ?» እያለ በየጊዜው ይጠይቀዋል፣ እሱም በየጊዜው «አይሆንም» ይለዋል። በሰኞም ይበላሽ በማክሰኞ፣ ብልሽት ሁሉ ቅዳሜን ይጠብቃል። ደሳለ ቤቱ ሲቃጠል እያየ ባለቤቶቹ እስኪመጡ የሚጠብቅ ዘበኛ ሆነ።

በዚህኛውም ሳምንት ደወለላቸው። አንዱ ውቂያ ላይ ነኝ አሉ፣ አንዷ የሾፌር ምሳ ትቼ የት ልሂድ አሉ፣ የሦስተኛው ስልክ አይሠራም። ሁሉም ያው ለቅዳሜ ሆነ። እስከዚያው ደብዳቤ እየመጣ ነው፤ ጀርመኖቹ ቀሩ፣ ጣልያኖቹ ቀሩ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ጠጅ ቤት አንዱ «ደሳለ ቁማር ቤት ከፈተ አሉ» ብሎ ሰውን አስቋል። ይህን የነገረችው ይማርሽ ናት።

«ለምን ሰብረህ አትገባም? አንተ የማታውቀው ምን አለ?» አለችው።

አፍ ዳገት አይፈራም። ሰርቨሩ ያለው ከባሕር ማዶ ነው። ደግሞስ ሰብሮ ቢገባ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የለፋበት ስሙ ምን ሊሆን ነው?

ቅዳሜ ሦስቱም መጡ። መጀመሪያ ወይዘሮ ባንችይርጋ ተቀመጡ፤ ጋሸና መገንጠያው ላይ ምግብ ቤት ያላቸው ቀልጣፋ ሴት ናቸው። የራሳቸውን አምስት መቱና ተነሡ። ቀጥሎ የኮኑ አቶ አረጋ፣ የውቂያው ገለባ ከጋቢያቸው ሳይራገፍ። በመጨረሻ የገነተ ማርያሙ መሪጌታ ምስጋኑ። ደሳለ ግድግዳውን እያየ ይጠብቃል። ቁልፍ የሚመታ ድምፅ አይሰማም። ቆይቶ አንዴ ቀጭ አለ፤ ቆይቶ ደግሞ።

«ግባ በለው እንግዲህ» አሉ መሪጌታ።

ዞሮ ሞከረው። ሰርቨሩ አይሆንም አለ። ሦስቱም ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና መቱ፤ አይሆንም አለ። በሦስተኛው እንቢ አለ፣ በአራተኛውም። አምስት ጊዜ የተሳሳተ እንዳይገባ የሚዘጋውን ደንብ ለሌባ ብሎ ያስገባው ራሱ ደሳለ ነው፤ ነገራቸው። መሪጌታ እጃቸውን ከኪቦርዱ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«በል ደሳለ፣ የኔን አንተ ሙላልኝ።»

«የኔታ፣ የእርስዎን እኔ በምን አውቄ?»

«ምነው፣ ያን ያህል ዘመን እዚሁ አጠገብህ ስመታው? ከታመምሁ ወዲህ ከራሴ ጠፍቷል። ደሳለ አለ ብየ ነው ዝም ያልሁት።»

«እኔ እኮ የማየው ግድግዳውን ነው።»

«እሱማ ፊትህን ታዞራለህ» አሉ መሪጌታ በለዘበ ድምፅ። «ለወጉ መስሎኝ።»

ደሳለ ወደ ሁለቱ ዞረ። ከእነሱ አንዱ እንኳ «ኧረ የኔታ፣ እንዴት እንዲህ ይላሉ» እንዲል ጠበቀ። ወይዘሮ ባንችይርጋ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔም ሳያየው አይቀርም ብየ ነበር። ሰው ነህ፣ ምን ይደረግ። አውቀን ትተንልህ ነበር እኮ።»

«ይቅር ብለንሃል ያኔውኑ» አሉ አቶ አረጋ፣ ማጽናናታቸው ነው።

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ብልሽት እያየ መጠበቅ ለእነሱ ወግ ነበር፤ በልባቸው ሌባ አድርገውት፣ ሌብነቱንም ይቅር ብለው፣ በየሳምንቱ ሰላም ይሉት ነበር። እሱ እምነት መስሎት የኖረበት ነገር ምሕረት ኖሯል።

«በእውነት አታውቀውም?» አሉ መሪጌታ።

«አላውቀውም።»

አምስተኛውን ሞከሩ። ሰርቨሩ በሩን ዘጋ።

የባሕር ማዶውን ሰርቨር በውክልና ወደሚያከራየው ድርጅት አዲስ አበባ ደወለ። እዚያ ያለችው ልጅ፣ ማኅተም ያለበት የሦስቱም ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤ ይላክ፣ አዲሱን ፓስዎርድ ማን እንደሚረከብም ይጠቀስ፣ በሦስት ሳምንት ምላሽ ይሰጣል አለች። የገና በዓል ሊያልፍ ነው። እስከዚያው ገጹን እንድታጠፋው ለመናት፤ አጠፋችው። ተራራውም ቁማሩም አብረው ጠፉና ነጭ ቀረ።

መሪጌታ ነጩን ገጽ አዩት። «ዛሬ አመንሁህ ልጄ» አሉ። «ብታውቀው ኖሮ ይህን ዝም ብለህ አታይም ነበር።»

«እንግዲያውስ ከእንግዲህ ቁልፉን አንተው ብቻህን ያዝ» አሉ ወይዘሮ ባንችይርጋ። «ሦስታችንም እንፈርምልሃለን።» አቶ አረጋም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይህን ቃል በዚያ በግምገማው ሰሞን ቢሰማው ኖሮ ደሳለ አልቅሶ እግራቸው ላይ ይወድቅ ነበር። አሁን ግን ደክሞታል። ደብዳቤውን ጻፈላቸው፣ ማኅተሙን መታበት፣ ሦስቱም ፈረሙ። ፓስዎርዱን የሚረከበው ሰው ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ ተወው።

«የምታምኑትን ሰው ሙሉበት» አላቸውና፣ ጋቢውን አንሥቶ ገበያው ሳይበተን ወደ ቤቱ ሄደ።