በአበባው መሀል ያለፈው ቃሬዛ

ጎረቤቴ ዘይነባ አልሐምዱሊላህ ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ናት። እኔ ግን እስካሁን መቀመጥ አቅቶኛል።

ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ አልሆን ሲላት ዛሬ ጠዋት የሰፈሩ ሰዎች በቃሬዛ ወደ ክሊኒክ ይዘዋት ወጡ። እንደ ድሮው አቋርጠው ሲመጡ፣ የለመዱት መንገድ እኔ የምሠራበት ኩባንያ አዲስ ዋና መሥሪያ ቤት አትክልት ቦታ ሆኗል። ውሃ የማጠጣው ደግሞ እኔው ነኝ!

ዘበኛው «በበሩ ዙሩ!» ሲል አማቷ ሸህ ሰይድ፣ «ልጄ ምጥ ላይ ሆና ለጽጌረዳ ብዬ ልዙር?» አሉት።

የአጥሩን ሽቦ በእጄ ፈታሁላቸው። በአበባው ላይ ሄዱበት። (ሣሩን አትርገጡ እያልኩ ስቆጣ የከረምኩት እኔ ነበርኩ።)

ከሰዓት ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ፕላኑን ዘርግቶ፣ «እዚህ ላይ መንገድ የለም» አለኝ።

«ጌታዬ፣ የሰፈሩ ሕመምተኛ ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው፤ ሳይጠይቁን ነው የሣሉት» አልኩ።

መሥሪያ ቤቱን ነገ የአገሩ ገዥ ደጃዝማቹ ሊመርቁት ነው። እስከዚያ መልሰሽ ትከዪ፣ አለዚያ ሥራሽን ተዪ ብሎኛል መሐንዲሱ። ግራና ቀኙን ተከልኩ፤ መሀሉን ግን እጄ እምቢ አለ።

አሁን ሸህ ሰይድ መጥተው ነበር። «ነገ እናትና ልጅን ይዘን በዚያው ነው የምንመለስ፤ እንዳትዘጊው!» ብለውኝ ሄዱ።

በእናንተስ አገር እንዲህ መንገድ ላይ አበባ የተተከለበት አለ? ምን አደረጋችሁ? ሳይነጋ ንገሩኝ እስቲ።