ማናቸውንም ጥያቄ ትቻለሁ

ዳኛዋ ከፍ ባለው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከጠበቃው ጋር በግራ፣ እኔ ብቻዬን በቀኝ ቆመናል። ያስታረቁን ሽማግሌ ለምስክርነት ተጠርተው መሐል ላይ ዘንጋቸውን ተደግፈዋል። ልጄ ከኋላ በሩ አጠገብ ነበረች።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ከወንድሙ ጋር በኮቸሬው የቡና መሬት ድንበር ተጋጨን። ሽማግሌዎች አስታረቁን፤ ድንበሩ ተለየ፤ ወረቀት ተጻፈ። መጨረሻው ላይ «ከእንግዲህ በባለቤቴ ወንድም ላይ ያለኝን ማናቸውንም ጥያቄ ትቻለሁ» ይላል። እሱም በእኔ ላይ ያለውን እንደዚሁ ብሎ ፈረመ።

ዓመት ሳይሞላ ዲላ የምኖርበትን ቤት እንድለቅ ጠየቀኝ። ቤቱን የሠራነው እኔና ባለቤቴ ነን፤ ግቢው ግን የወንድማማቾቹ አባት ይዞታ ነበር። ከሰስሁት። ቤቱን ማን እንደሠራው አልካደም። መልሱ ያ የእርቁ ወረቀት የመጨረሻ መስመር ብቻ ነበር፤ ጥያቄዬን ሁሉ ስለተውሁ ልከሰው አልችልም የሚል።

«እትዬ ያልተማሩ አይደሉም» አለ የባለቤቴ ወንድም ለዳኛዋ። «የሰፈሩን ማመልከቻ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። አንብበው ነው የፈረሙት።»

ችሎቱን ሊከታተል የመጣው ሰው ሳቀ። እውነቱን ነው፤ አንብቤ ነው የፈረምሁት።

ዳኛዋ ሽማግሌውን በእርቁ ቀን ስለ ቤቱ ተነሥቶ እንደሆነ ጠየቋቸው። አልተነሣም አሉ፤ ሁለታችን ወደ እሳቸው የመጣነው ለቡናው ድንበር ነው።

«ታዲያ ‹ማናቸውንም› ብላችሁ ለምን አጻፋችሁ?»

«ልጄ፣ ይቅርታ፣ ክብርት ዳኛ፤ ግማሽ እርቅ እኛ ዘንድ የለም። ቁርሾ እንዳይቀር ለሁሉም እንዲህ ነው የምናጽፈው።»

ያን ወረቀት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዘወትር ዓይኔ የሚያርፈው መጨረሻው መስመር ላይ ነበር። ዳኛዋ ከላይ ጀመሩ፤ ጠቡ ከተጻፈበት። ቀስ ብለው እስከ ታች ወረዱ።

«ሰው በእርቅ የሚተወው የተጣላበትን ነገር ነው» አሉ። «ያላነሣውን፣ ያላሰበውን መብት ትቷል የሚባለው በግልጽ ከተጻፈ ብቻ ነው። መብትን መተው በጠባቡ ይተረጎማል።»

እሱ ሌላ መከራከሪያ ስላላቀረበ ቤቱ የእኔ መሆኑን ወሰኑ። ሽማግሌውን ግን አልነቀፉም፤ እርቁም አልፈረሰም፤ የቡናው ድንበር በተለየበት ጸና። እንዲህ የሰፋ ቃል፣ ማንንም ሳያዋርድ፣ ወደ ተነገረበት ጉዳይ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። የመንገዱ የባጃጅ ጩኸት እንኳ የራቀ መሰለኝ። ዳኛዋ እንድቀመጥ ቢነግሩኝም ቆሜ ቀረሁ።

ልጄ መጥታ ክንዴን ያዘች። የባለቤቴ ወንድም ከበሩ ፈቀቅ ብሎ አሳለፈን። ሽማግሌውን እጅ ነሥቼ ወጣሁ።