የኔቪል ሸሚዝ

ግሌኒስ ዕድሜዋን የፈጀችው በማጠብ ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ትምህርቷን አቁማ የከተማዋን ሆቴል አንሶላ ስታጥብ ኖረች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የመንገድ ሠራተኛ የሆነውን የባሏን የኔቪልን ልብስ።

አምና ብርዱ ሲገባ ተለያዩ። ጠብ አልነበረም። አንድ እሑድ ምሳ ላይ "በቃን መሰለኝ" አለችው። እሱም "እንግዲያውስ" ብሎ ትራሱን ይዞ በረንዳው ላይ ወዳለችው ክፍል ገባ። ከዚያ ወጥቶ የሚሄድበት የኪራይ ቤት ግን በዚህ የኩዊንስላንድ ደረቅ አገር አልተገኘም።

ለመለያየት ሰው ቃል አያጣም። ዳቦ ቤት "ተፋቱ" ተባለ። ክለቡ ውስጥ "ተቆራረጡ" አሉ። የኔቪል እህት "ምን ተፋቱ ትላላችሁ፣ ተኳርፈው ነው" ስትል ከረመች። የግሌኒስ ጠበቃ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ዓመቱን ለየብቻ እንደኖሩ የሚመሰክር ሰው። ያለዚያ ፍርድ ቤቱ አያፋታቸውም።

ግሌኒስ ጎረቤቷን ቤሪልን ለመነች።

"አልዋሽልሽም፣ የኔ እህት" አለች ቤሪል አጥሩን ተደግፋ። "ሐሙስ በመጣ ቁጥር የሰውየው ሸሚዝ ካንቺ ቀሚስ ጎን ገመድ ላይ ተሰጥቶ አያለሁ።"

"ሸሚዝ ምን አለው?"

"እኔ ባሌን ሳባርር ካልሲውንም አስከትዬ ነው።"

"በዚህ ድርቅ ማጠቢያ ማሽኑን በግማሽ ልብስ ላስነሳው? የውሃ ታንከሩ እኮ ጎድሏል።"

"እሱን ለዳኛው ንገሪው።"

ግሌኒስ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ነገሩን ልብ ብላው አታውቅም ነበር። የዝናብ ውሃ አጠራቅሞ የሚኖር ሰው ማሽኑ ሳይሞላ አያጥብም፤ እናቷም እንደዚያው ነበረች። በዚያ ሐሙስ ግን የራሷን ብቻ አጠበች።

"ሸሚዜስ?" አለ ኔቪል።

"ቅርጫቱ ውስጥ።"

"አልታጠበም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት ኔቪል ማሽኑ ፊት ብዙ ቆመ። ግሌኒስ ግቢው ውስጥ ለዶሮዎቹ እህል ትበትናለች፤ ቤሪል ከአጥሩ ወዲያ አረም ትነቅላለች።

"ሳሙናው ምን ያህል ነው የሚገባው?" ሲል ተጣራ።

ልትመልስ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

"አንቺ፣ አትሰሚም?"

ሰምታዋለች። የቀረውን እህል በትና ጣሳውን አራገፈች። ቆይቶ ማሽኑ ለጥቂት ሸሚዝ ብሎ ውሃውን መሳብ ጀመረ።

ቤሪል ቀና አለች። "ሰኞ ጠበቃሽ ጋ ውሰጂኝ። ከሰዓት ግን የቢንጎ ጨዋታ አለኝ። ስለ ሸሚዙ ከጠየቁኝ ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ማን ማጠብ እንደተወም ጭምር።"

"ተናገሪ" አለች ግሌኒስ።