አባባ ከሰል ሊገዙኝ መጡ

ዛሬ አባቴ ፍኖተ ሰላም ገበያ መሐል ጭራሽ እንደማያውቁኝ ሰው ሆነው በከሰል ዋጋ ተከራከሩኝ!

በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ከረምኩ። ኋላ «ሥራ ፍጠሩ» ሲባል ሰምቼ ከሰል በጅምላ እያመጣሁ ለመሸጥ ቆረጥኩ። ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር።

አባባ ሐሳቤን የሰሙ ዕለት «ጥቁር ጋውን ያስለበስኩሽ ጥቁር ከሰል እንድትሸጪ ነው?» ብለው ኮረፉ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገሩኝም።

(ቀለሙን እንኳ አልለወጥኩም ልላቸው ነበር፤ ግን ዱላቸው ቅርብ ነበር።)

ጠዋት ጆንያዎቹን ደርድሬ ቆምኩ። ሰዉ ዋጋ ይጠይቅና ያልፋል። ተስፋ ልቆርጥ ስል አባባ ከሽንዲ ከተማ ከመጣ መኪና ወርደው፣ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ወደኔ ሲመጡ አየሁ። ሊቆጡኝ የመጡ መሰለኝ።

«የኔ እመቤት፣ ይሄ ስንት ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ኧረ ቀንሺ! ዘረፋ ነው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አባባ እጃቸውን እስከ ጆንያው ሥር ሰደው አንድ ትልቅ ከሰል አወጡና ለገበያተኛው ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ዋጋው ውድ ነው፤ ከሰሉ ግን እስከ ታች ድረስ ዱቄት የለውም!»

ያልኩትን ከፍለው፣ በጋሪ አስጭነው ሄዱ። ዞር ብለውም አላዩኝ።

ከዚያማ ከሰሌን ተሻሙት! ከሰዓት አንድም ጆንያ አልቀረኝም።

አሁን ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይሄን ከሰል ምን ላድርገው? እኛ ቤት እኮ የከሰል ምድጃ የለም።»

የእናንተስ የመጀመሪያ ደንበኛ ማን ነበር? እስኪ ንገሩኝ፤ እኔ ለአባባ ምድጃ ልገዛ ወጥቻለሁ።